ሬቲንጌ 1100 ላይ ቆሟል፤ ፐዝል ላይ የማየውን ጨዋታ ላይ ለምን አላየውም?

መነሻ1100፦

ሰላም ለቤቱ። በኦንላይን ቼዝ ሬቲንጌ (የጥንካሬ ነጥቤ) ከ1080 እስከ 1160 ባለው መሃል እየወጣ እየወረደ ቆሟል። አብዛኛውን ጊዜ የምጫወተው 10 ደቂቃ ያለ ጭማሪ (በየእርምጃው የሚታከል ሰከንድ ሳይኖር) ነው፤ 3 ደቂቃም እገባለሁ። በድምሩ በቀን ከ10 እስከ 15 ጨዋታ ይሆናል። ፐዝል (የሚያሸንፍ እርምጃ የሚፈለግበት የቦርድ እንቆቅልሽ) በቀን 30 ያህል እፈታለሁ፣ የፐዝል ሬቲንጌም 1850 ደርሷል። በነጭ ስጫወት ጣሊያን በሚባለው አከፋፈት እከፍታለሁ፤ በጥቁር፣ ነጭ ወታደሩን ኢ4 ላይ ሲያወጣ መልሴ ኢ5 ነው።

ግራ ያጋባኝ ይሄ ነው፦ ፐዝል ላይ በቀላሉ የማገኘውን ታክቲክ (አጭር የማሸነፊያ ቅንብር) ጨዋታ ላይ ዓይኔ ሥር ሆኖ አልፈዋለሁ። የትኛውን ሰዓት ብጫወት ይሻላል? ፐዝሉ ለምን ወደ ጨዋታ አይሻገርም? ኦፕኒንግስ (የጨዋታ መክፈቻ እርምጃዎች) ምን ያህል ማወቅ ይበቃል? ዛሬውኑ የምሠራበት መልስ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

ቤቶቹን በፊደላችን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እያልን ብንጽፍ ለሁሉም ይነበባል።

ቀስበል፦

ወንድሜ፣ ከሰዓቱ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው እሱ ላይ ነውና። አንድ ጨዋታ 40 እርምጃ ይሄዳል እንበል። 3 ደቂቃ ያለ ጭማሪ ስትጫወት ለአንድ እርምጃ 4 ሰከንድ ተኩል ይደርስሃል። በ10 ደቂቃ 15 ሰከንድ። 15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ሲሆን ግን በ40 እርምጃ 400 ሰከንድ ስለሚጨመርልህ ድርሻህ ከ32 ሰከንድ ያልፋል፤ ከ10 ደቂቃው እጥፍ በላይ ማለት ነው። የጠየቅከው ችግር ግማሹ እዚህ ነው ያለው። የተጋጣሚን ዛቻ ማየትና የራስን እርምጃ መፈተሽ ገና ልማድ ስላልሆነልህ ጊዜ ይፈልጋል። ልማዱ ደግሞ በ3 ደቂቃ ጨዋታ አይያዝም፤ ሰዓቱ ራሱ ፍተሻውን እንድትዘልል ያስገድድሃል። በቀን 15 ጨዋታ ሳትፈትሽ ስትጫወት፣ አለመፈተሽን 15 ጊዜ ተለማመድክ።

ስለዚህ 15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጭማሪ፣ በቀን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጨዋታ። ጊዜ ያለህ ቀን 30 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ጭማሪ ጋር አንድ ጨዋታ ይሻላል። ጭማሪውን እንደ ትንሽ ነገር አትየው። ያለ ጭማሪ ስትጫወት የበለጥክበትን ኢንድጌም (ጥቂት ጠጠር የቀረበትን የጨዋታ መጨረሻ) በሰዓት ትሸነፋለህ፣ ወይም ተጋጣሚህ በሰዓት ስለወደቀ ታሸንፋለህ፤ በሁለቱም መንገድ ጨዋታን መጨረስ ሳትማር ትቀራለህ።

ሰዓቱን እንዴት እንደምታከፋፍለው ልንገርህ። የመጀመሪያዎቹ 8 ወይም 10 እርምጃዎች ከ2 ደቂቃ በላይ አይውሰዱብህ። ጠጠሮች ሲፋጠጡ፣ ማለትም አንዱ ሌላውን መብላት የሚችልበት ቦታ ሲፈጠር፣ እዚያ ላይ ለአንድ እርምጃ 2 እና 3 ደቂቃ አውጣ። ተበልቶ ሲያልቅና ቦርዱ ሲረጋ እንደገና ፈጠን በል። ጨዋታው ሲያልቅ ሰዓትህን እየው፦ ንግሥትህን አስበልተህ ተሸንፈህ ሰዓትህ ላይ 9 ደቂቃ ከቀረ፣ ጊዜው ነበረህ፣ አልተጠቀምክበትም። በተቃራኒው በ20ኛው እርምጃ 2 ደቂቃ ከቀረህ ሰዓቱን የፈጀኸው ምናልባት ሁለት እኩል የሆኑ ጸጥ ያሉ እርምጃዎችን በማወዳደር ነው።

አሁን ፍተሻው። ሁለት ክፍል አለው።

ተጋጣሚህ እንደተጫወተ፣ ስለ ራስህ ዕቅድ ከማሰብህ በፊት ሦስት ጥያቄ። የሄደው ጠጠር አሁን ምን ያጠቃል? ከመሄዱ በፊት ይጠብቀው የነበረና ትቶት የሄደ ነገር አለ? ከኋላው የተከፈተ መስመር አለ? የመጀመሪያውን ሁሉም ይጠይቃል። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ግን በ1100 ጥቂት ነው፣ ትርፉም ያለው እዚያ ነው፤ ፈረስ ከኤፍ6 ሲነሳ ኤች7 ጠባቂ አጣ፣ ቢሾፕ ከኢ7 ሲነሳ የኢ ዓምድ ተከፈተ፣ እንዲህ እንዲህ።

ቀጥሎ የራስህን እርምጃ ከመረጥክ በኋላ፣ እጅህ ማውሱን ሳይነካ፣ ጠጠርህን አዲሱ ቤት ላይ በሐሳብህ አስቀምጥና ከተጋጣሚህ ወንበር ሆነህ ተመልከት፦ ምን ቼክ (ንጉሥን የሚያጠቃ እርምጃ) አለው? ምን መብላት ይችላል? ምን ሊዝትብኝ ይችላል? በዚሁ ቅደም ተከተል። ቼክ የሚቀድመው መልስ ስለሚያስገድድ ነው፤ ሌላ የጀመርከው ነገር ሁሉ ይቋረጣል። ሁሉንም ቼክ ተመልከት፣ የማይረባ የሚመስለውንም ጭምር። ፎርክ (በአንድ ጠጠር ሁለት ነገር ማጥቃት) የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ዘልለን ካለፍነው ቼክ ነው።

ፕሪሙቭ (ተጋጣሚ ሳይጫወት እርምጃ ማስያዝ) አጥፋው፤ በራፒድ፣ ማለትም እንዲህ ረዘም ባለ ጨዋታ፣ ቦታ የለውም። በስልክ የምትጫወት ከሆነ ጣት ስለሚንሸራተት እርምጃ ማረጋገጫውን አብራ።

ፈረስ_ኤፍ3፦

የፐዝሉን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። በመጀመሪያ 1850 እና 1150 በአንድ ሚዛን የተለኩ ቁጥሮች ስላልሆኑ በ700 ነጥብ ልዩነት አትጨነቅ። ፐዝል ላይ የምትወዳደረው ከፐዝሉ ጋር ነው፣ ያለ ሰዓት፣ ያለ ድካም። ከሁሉም በላይ ግን ፐዝል ሲከፈት አንድ ትልቅ ነገር ተነግሮሃል፦ እዚህ ቦርድ ላይ የሚያሸንፍ እርምጃ አለ፣ ተራውም ያንተ ነው። ጨዋታ ላይ ይህን የሚነግርህ የለም። በአብዛኛው ቦርድ ላይ የሚያሸንፍ እርምጃ የለም፤ ያለውም ምናልባት የተጋጣሚህ ነው።

አንድ ምሳሌ በደንብ እንየው። ኢ4 ኢ5፣ ፈረስ ኤፍ3 ዲ6፣ ቢሾፕ ሲ4 ቢሾፕ ጂ4፣ ፈረስ ሲ3፣ ጥቁር ደግሞ ጂ6። የጥቁር ቢሾፕ በጂ4 ሆኖ የኤፍ3 ፈረስህን ከንግሥትህ ጋር ፒን አድርጎታል፤ ፈረሱ ከተነሳ ከኋላው ያለችው ንግሥት ትጋለጣለች። ብዙ ሰው ፈረሱ መነሳት አይችልም ብሎ ያልፋል። ይችላል። ፈረስ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር ይበላል። ጥቁር ንግሥትህን ዲ1 ላይ ከበላ፣ ቢሾፕ ኤፍ7 በልቶ ቼክ፣ ንጉሡ ያለው መውጫ ኢ7 ብቻ ነው፣ ፈረስ ዲ5፣ ሜት (ንጉሡ ማምለጫ የለውም)። ጥቁር ንግሥቷን ትቶ በዲ6 ወታደሩ ኢ5 ላይ ያለውን ፈረስ ቢበላ ንግሥትህ ጂ4 ላይ ያለውን ቢሾፕ ትበላለች፤ አንድ ወታደር ተረፈህ። የሌጋል ሜት የሚባለው ይህ ነው፣ ታክቲክ መማሪያ ላይ ሁሉ አለ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ጥቁር ጂ6ን ትቶ ፈረሱን ሲ6 ላይ አወጣ። ቦርዱ ለዓይን ያው ነው፣ ፒኑም ያው፣ ቢሾፕህም ኤፍ7ን እያየ። ፈረስህ ኢ5 ላይ ቢበላ ግን የሲ6 ፈረስ ይበላዋል። ያ ፈረስ ኢ5 ላይ ሲቀመጥ የጂ4 ቢሾፑን ይጠብቃል፣ የሲ4 ቢሾፕህን ያጠቃል፣ ንግሥትህም በጂ4 ቢሾፕ ዓይን ሥር ናት። አንድ ፈረስ በአንድ ወታደር ሰጠህ። የፐዝል ልምድ «ይህን ቅርጽ አውቀዋለሁ» ያሰኝሃል፤ ጨዋታው የሚጠይቅህ ግን «ኢ5ን የሚጠብቀው ማነው?» የሚለውን ነው። ቅርጽን ማወቅ ለመጠርጠር ይረዳል፣ ከዚያ በኋላ ቆጥሮ ማረጋገጥ ነው።

ስለዚህ የፐዝል አፈታትህን እንዲህ ለውጠው።

ከ30 ወደ 12 ቀንስ። የመጀመሪያውን እርምጃ ሳትነካ በፊት ተጋጣሚህ ተራው የሱ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ በቃልህ ተናገር፤ በአፍህ አውጥተህ። ከዚያ መስመሩን እስከ መጨረሻው አስላ፣ የተጋጣሚህን ጠንካራ መልስም ጨምር። ያኔ ብቻ ተጫወት። «ይህን ልሞክርና ካልሆነ ሌላውን» የሚለው አፈታት ጨዋታ ላይ ቀጥታ ብለንደር (ከባድ ስህተት) ሆኖ ይመጣል፣ ምክንያቱም ጨዋታ ሁለተኛ ሙከራ አይሰጥም።

ከ12ቱ ውስጥ 9 ቀላል ይሁኑ፦ በ1 እርምጃ ሜት፣ በ2 እርምጃ ሜት፣ ጠባቂ የሌለው ጠጠር፣ ፎርክ። እነዚህን ከ20 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ማየት አለብህ። 3ቱ ከደረጃህ ከፍ ያሉ ይሁኑ፣ ለእያንዳንዱ እስከ 8 ደቂቃ ስጥ። ሊቼስ (የቼዝ ድረ ገጽ) ላይ ፐዝሎች በርዕስ ተለይተው ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰዱ ናቸው። እዚያ ውስጥ «የመከላከያ እርምጃ» የሚለውን ርዕስ በየሳምንቱ አንድ ቀን ሥራበት። ለብዙ ሰው የማይወደድ ክፍል ነው፤ አንተ ያጣኸው ግን እሱን ነው፣ ሁልጊዜ የሚያጠቃው አንተ የሆንክበትን ስትፈታ ቆይተሃልና። የፐዝል ዳሽቦርዱ በየርዕሱ ስንት እንደሳትክ ያሳይሃል፤ በዝቅተኛው ጀምር።

የሳትካቸውን ሰብስብና ከ3 ቀን፣ ከዚያ ከ10 ቀን በኋላ ድገማቸው። ለሁለተኛ ጊዜ የተፈታ ፐዝል ከአዲስ ፐዝል አያንስም።

ሩክ7ኛ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ብሊትዝን (ፈጣን ጨዋታን) ግን ሙሉ በሙሉ አትተወው። 5 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ጭማሪ ጋር በሳምንት ከ6 እስከ 8 ጨዋታ ኦፕኒንግህን ይፈትንልሃል። ሁኔታው አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ጨዋታ ካለቀ በኋላ ኦፕኒንግ ኤክስፕሎረሩን (ሌሎች በዚያ ቦታ የተጫወቱትን የሚያሳየውን መዝገብ) ከፍተህ ከተለመደው መንገድ በስንተኛው እርምጃ ማን እንደወጣ ተመልከት። 1 ደቂቃ ይበቃል። ይህን የማታደርግ ከሆነ ቀስበል ያለው ትክክል ነው።

ኤክስፕሎረሩን ስትጠቀም የማስተሮቹን መዝገብ ትተህ የሊቼስ ተጫዋቾችን ምረጥ፣ ሬቲንጉንም ወደ ራስህ ደረጃ አጥብበው። ማስተር የማይጫወተው፣ አንተን ግን በየቀኑ የሚገጥምህ እርምጃ የሚገኘው እዚያ ነው። ለያንዳንዱ ቀለም ከ6 እስከ 8 እርምጃ ጥልቀት ይበቃል፣ ነገር ግን እያንዳንዱን እርምጃ «ለምን» ብለው ቢጠይቁህ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ አለብህ።

አንተ ኢ5 ስለምትመልስ ሁለት ነገር ጠንቅቀህ እወቅ።

አንደኛው የንግሥት ሩጫ። ኢ4 ኢ5፣ ቢሾፕ ሲ4 ፈረስ ሲ6፣ ንግሥት ኤች5። የሚመጣው በኤፍ7 ሜት ነው። ፈረስ ኤፍ6 ንግሥቷን ያጠቃል ብለህ ብትጫወት ንግሥቷ ኤፍ7ን በልታ ሜት ነው። ጂ6 ተጫወት፤ ንግሥቷ ወደ ኤፍ3 ስትመለስ እንደገና ኤፍ7ን ታያለች፣ አሁን ፈረስ ኤፍ6 መስመሩን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ነጭ ንግሥቱን ሁለት ጊዜ አንቀሳቅሶ፣ አንተ ሁለት ፈረስ አውጥተህ ትቀጥላላችሁ።

ሁለተኛው ጣሊያን ላይ የሚመጣው የጂ5 ፈረስ። ኢ4 ኢ5፣ ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ሲ6፣ ቢሾፕ ሲ4 ፈረስ ኤፍ6፣ ፈረስ ጂ5። ኤፍ7 በሁለት ጠጠር ተጠቃ። መልሱ ዲ5 ነው፣ ነጭ በኢ ወታደሩ ይበላል። እዚህ ላይ በፈረስ መልሶ መብላት የተፈጥሮ ይመስላል፣ ግን ነጭ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ይሠዋል፣ ንጉሥህ ይበላዋል፣ ንግሥት ኤፍ3 ቼክ፣ የዲ5 ፈረስህን ለማትረፍ ንጉሥህ ወደ ኢ6፣ መሃል ቦርድ ላይ ይወጣል። ተከላክሎ ማትረፍ ይቻል ይሆናል፤ በ15 ደቂቃ ጨዋታ ግን አይመከርም። በፈረስ መልሰህ በመብላት ፋንታ የሲ6 ፈረስህን ኤ5 ላይ አስቀምጥና ቢሾፑን አጥቃ። ቢሾፕ ቢ5 ቼክ ይላል፣ ወታደርህን ሲ6 ላይ ታስቀምጣለህ፣ የዲ5 ወታደሩ ይበላዋል፣ በቢ ወታደር ትበላለህ፤ አንድ ወታደር ጎድሎህ ጠጠሮችህ ግን ቶሎ ይወጣሉ። ይህን ሁሉ ማስታወስ ካልፈለግክ በሦስተኛው እርምጃ ፈረስ ኤፍ6ን ትተህ ቢሾፕ ሲ5 ተጫወት። ያኔ የንግሥትህ ሰያፍ ከዲ8 እስከ ጂ5 ክፍት ስለሆነ ፈረሱ ጂ5 ላይ ቢመጣ በነፃ ትበላዋለህ።

ከዚህ ውጭ ባለው ኦፕኒንግ ጊዜህን አታጥፋ። በ10ኛው እርምጃ ካስል ካደረግክ (ንጉሥህን ከሩክ ጋር አንቀሳቅሰህ ወደ ጎን ካሸሸህ)፣ ፈረሶችና ቢሾፖች ከወጡ፣ ሩኮችህ ከተያዩ ኦፕኒንጉ ሥራውን ጨርሷል።

መነሻ1100፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሌጋሉ ምሳሌ ዓይኔን ገለጠው። ሁለት ነገር ልጨምር። ከጨዋታ በኋላ ኢንጂኑን (ጨዋታውን የሚተነትነውን ፕሮግራም) ስከፍት ቀይ ቀዩን አይቼ እዘጋዋለሁ፣ ምን ልማርበት እንደሚገባ አላውቅም። ሌላው ደግሞ በብዙ ጨዋታ በልጬ ኢንድጌም እደርስና አቻ ይወጣብኛል፤ በስቴልሜት (ቼክ ሳይኖር ተጋጣሚ የሚሄድበት ሲያጣ) ጭምር።

ማስታወሻ፦

ኢንጂኑን በኋላ ክፈተው። ጨዋታው እንዳለቀ መጀመሪያ ብቻህን 10 ደቂቃ እለፍበት። ሦስት ቦታ ምልክት አድርግ፦ ረጅም ጊዜ ያሰብክበት፣ ተጋጣሚህ ያላሰብከውን የተጫወተበት፣ ጨዋታው የተገለበጠ የመሰለህ። ለያንዳንዱ ያኔ ያሰብከውን አንድ መስመር ጻፍ። ይህ ጽሑፍ ከሌለ ኢንጂኑ የሚያሳይህ ትክክለኛውን እርምጃ ብቻ ነው፤ አንተን ያሳሳተህ ሐሳብ ግን ሳይታይ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ጨዋታም ይመለሳል።

አሁን ኢንጂኑን አብራ። ቁጥሩ በወታደር ዋጋ ነው የሚለካው፤ +1 ማለት ነጭ አንድ ወታደር ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ከ+0.5 ወደ +0.1 የወረደበትን እርምጃ ዝለለው፤ ባንተ ደረጃ ጨዋታን የሚወስነው እሱ አይደለም። የዚህ ቁጥር ግራፍ ከ2 ወታደር በላይ የዘለለባቸውን ቦታዎች ብቻ ያዝ። ከነሱም በመጀመሪያው ጀምር። እዚያ ቦታ ላይ «የተሻለው እርምጃ ምን ነበር» ከማለትህ በፊት «የኔን እርምጃ የሚቀጣው ምን ነበር» ብለህ ራስህ ፈልግ። ሊቼስ ላይ ከኮምፒውተር ትንተናው በኋላ ከስህተቶችህ እንድትማር የሚያደርግ ቁልፍ አለ፤ ወደ እያንዳንዱ ስህተት ይመልስህና መልሱን ሳያሳይ ተጫወት ይልሃል። ከሱ የተሻለ ነፃ መሣሪያ የለም ባይ ነኝ። ኢንጂኑ ሦስት መስመር እንዲያሳይህ አድርገው፤ የመጀመሪያው ለሰው የማይገባ ከሆነ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ተማር።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ግራፉ ላይ ሁለት ተከታታይ ዝላይ ሲታይ ነው፤ ተጋጣሚህ ተሳሳተ፣ አንተም ወዲያው ተሳሳትክ፣ መስመሩም ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁለታችሁም አንድን ነገር አላያችሁም ማለት ነው፤ እሱ ጠጠሩን ያለ ጠባቂ ትቷል፣ አንተም አልበላህም። «ጨዋታ ላይ አላየውም» ያልከው በዓይን የሚታየው እዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ ሁሉ ለብቻው አስቀምጥ፤ ለራስህ የተሠራ የፐዝል ስብስብ ይሆንልሃል።

እያንዳንዱን ትልቅ ስህተት ከአምስት በአንዱ መድብ፦ ጠባቂ የሌለው ጠጠር፤ ዛቻ አለማየት፤ አይቶ ስሌት መሳሳት፤ የሰዓት ጥድፊያ፤ በጸጥታ ቦታ ዕቅድ ማጣት። ከ20 ጨዋታ በኋላ ቁጠራቸው። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ከበዙ (ያንተ እንደዚያ እንደሚሆን እገምታለሁ) የቀስበል ፍተሻ ነው መድኃኒቱ። ሦስተኛው ከበዛ ከባዶቹን ፐዝሎች ጨምር። አምስተኛው ከበዛ ያኔ ስለ ስትራቴጂ ማንበብ ትጀምራለህ፣ ከዚያ በፊት አይደለም።

ንጉሥ_ወደ_መሃል፦

ኢንድጌሙን በአጭሩ። በቅድሚያ ስቴልሜቱ፣ ምክንያቱም እሱ የሚወስደው ሙሉ ጨዋታ ነው።

ንግሥትና ንጉሥ ለብቸኛ ንጉሥ። ንግሥትህን ከንጉሡ የፈረስ ዝላይ ያህል አርቀህ አስቀምጥ፤ ቼክ አትበል። እሱ በሄደበት አቅጣጫ ንግሥትህም አንድ ቤት ትከተል። ክልሉ እየጠበበ ዳር ይደርሳል። አደጋው እዚህ ነው፦ የጥቁር ንጉሥ ኤች8 ጥግ ላይ ሲገባ የለመድከውን የፈረስ ዝላይ ደግመህ ንግሥቷን ጂ6 ወይም ኤፍ7 ላይ ካስቀመጥክ ቼክ የለም፣ መሄጃም የለም፣ አቻ። ስለዚህ ንጉሡ ዳር ረድፍ ላይ እንደታሰረ ዘዴው ይቆማል። ንግሥቷ ኢ7 ላይ ቆማ ንጉሡ ከጂ8 ወደ ኤች8 ብቻ ሲመላለስ አትንካት፤ ሁልጊዜ አንድ መሄጃ አለው፣ ስቴልሜት አይሆንም። ንጉሥህን በእርጋታ አምጥተህ ጂ6 ላይ አስቀምጥ፣ ከዚያ ንግሥት ጂ7 ሜት። ሊቼስ ላይ ከኮምፒውተሩ ጋር ይህን ቦታ አስቀምጠህ 10 ጊዜ ያለ ስህተት እስክትጨርስ ድገም፤ ቀጥሎ በሩክ።

ወታደርና ንጉሥ ለብቸኛ ንጉሥ። ዋናው ስህተት ወታደሩን ማስቀደም ነው። ንጉሥህ ከወታደሩ ፊት ይሂድ። ነጭ ንጉሥ ኢ5፣ ወታደሩ ኢ4፣ የጥቁር ንጉሥ ኢ7 ላይ ቢሆኑ፣ ተራው የጥቁር ከሆነ ነጭ ያሸንፋል፣ ተራው የነጭ ከሆነ አቻ ነው። ንጉሦቹ በመሃላቸው አንድ ቤት ትተው ፊት ለፊት ሲቆሙ መንቀሳቀስ ያለበት ወገን መንገድ ይለቃል፤ ኦፖዚሽን የሚባለው ይህ ነው። ንጉሥህ ወታደሩን አስከትሎ 6ኛው ረድፍ ላይ ከደረሰ ግን ተራ የማንም ቢሆን ያሸንፋል። የዳር ወታደር፣ ማለትም ኤ እና ኤች፣ ከዚህ ውጭ ነው፤ ተከላካዩ ንጉሥ ጥጉን ከያዘ አቻ ነው።

ብቻውን የሚሮጥ ወታደርን በንጉሥ መያዝ ይቻል እንደሆነ እርምጃ በእርምጃ አትቁጠር፤ ካሬ ሳል። ወታደሩ ኤ4 ላይ ካለ ካሬው ኤ4፣ ኤ8፣ ኢ8፣ ኢ4 ነው። ተከላካዩ ንጉሥ በተራው ካሬው ውስጥ መግባት ከቻለ ይይዘዋል። መነሻ ቦታው ላይ ያለ ወታደር ሁለት ቤት መዝለል ስለሚችል ከ3ኛው ረድፍ እንደጀመረ አድርገህ አስላ።

ሩክ ኢንድጌም ከሁሉ በላይ የሚደጋገም ነው። ወታደር ጎድሎህ ስትከላከል ንጉሥህን ከወታደሩ ፊት አቁም፣ ሩክህን ካንተ ወገን 3ኛው ረድፍ ላይ አቆይ፤ የተጋጣሚህ ንጉሥ እንዳይሻገር ይከለክላል። ወታደሩ እዚያ ረድፍ ላይ ሲረግጥ ብቻ ሩክህ ወደ ሩቁ ጫፍ ሄዶ ከኋላ ቼክ ማለት ይጀምር፤ ወታደሩ አሁን ለንጉሡ መጠለያ አይሆነውም። ሩኩን ቀደም ብሎ ከረድፉ ማንሳት ነው ጨዋታውን የሚያበላሸው።

ቀስበል፦

አንድ ነገር ስለ ሬቲንጉ ራሱ። 1080 እና 1160 የሚለው ውጣ ውረድ ማዕበል ነው፣ ትርጉም አትስጠው። በሬቲንግ 100 የሚበልጥ ተጫዋች በ100 ጨዋታ ከሚገኘው 100 ነጥብ 64 ያህል ነው የሚያገኘው፤ 200 ሲበልጥ 76 ያህል። ስለዚህ ከአንተ ያነሰ ሰው ደጋግሞ ቢያሸንፍህ የተለመደ ነው። ከ30 ጨዋታ በታች ምንም አትደምድም። የሊቼስን ቁጥር ከቼስ ዶት ኮም ጋርም አታወዳድር፤ ሊቼስ አዲስ ገቢን በ1500 ስለሚያስጀምር ሚዛኑ ሌላ ነው። ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፍክ ዝጋው፤ ሦስተኛው ላይ ፍተሻው ቀድሞ ነው የሚቀረው።

ሌላ አማራጭ ላንሳ፦ በቀናት የሚቆጠር የደብዳቤ ጨዋታ ሁለት ሦስት ክፈት። እዚያ የትንተና ቦርዱ ላይ ጠጠር እያንቀሳቀሱ ማሰብና የኦፕኒንግ መዝገብ ማየት ይፈቀዳል። ኢንጂን ግን በየትኛውም ጨዋታ ክልክል ነው፣ አካውንት ያዘጋል።

መነሻ1100፦

የመጨረሻ ጥያቄ ስለ ሌጋሉ። ነጭ መጀመሪያ ኤች3 ብሎ ቢሾፑን ወደ ኤች5 ካስመለሰ፣ የጥቁር ፈረስ ሲ6 ላይ ቢኖርም ፈረስ ኢ5 ይሠራል?

ፈረስ_ኤፍ3፦

ይሠራል፣ ምክንያቱም የተቀየረው ጠባቂው ነው። ኢ4 ኢ5፣ ፈረስ ኤፍ3 ዲ6፣ ቢሾፕ ሲ4 ቢሾፕ ጂ4፣ ኤች3 ቢሾፕ ኤች5፣ ፈረስ ሲ3 ፈረስ ሲ6፣ ፈረስ ኢ5ን ይበላል። ጥቁር በፈረስ ከበላህ፣ ያ ፈረስ ኢ5 ላይ ሆኖ ጂ4ን ይጠብቃል እንጂ ኤች5ን አይጠብቅም፤ ንግሥትህ ቢሾፑን ኤች5 ላይ ትበላለች። ፈረሱ ሲ4 ላይ ቢሾፕህን ይበላል፣ አንተም ንግሥት ቢ5 ቼክ ብለህ በሚቀጥለው እርምጃ ፈረሱን ሲ4 ላይ ትበላለህ። ሲቆጠር ፈረስና ቢሾፕ ሰጥተህ ፈረስና ቢሾፕ ወስደሃል፣ የኢ5 ወታደር ትርፍ ነው። ጥቁር ንግሥትህን ዲ1 ላይ ከበላ ደግሞ የቀድሞው ሜት እንዳለ ነው፦ ቢሾፕ ኤፍ7 ቼክ፣ ንጉሥ ኢ7፣ ፈረስ ዲ5። ሦስቱንም ቦታዎች ጎን ለጎን አስቀምጠህ ጠጠር ሳታንቀሳቅስ በየአንዳንዱ ኢ5ን፣ ጂ4ን እና ኤች5ን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ በቃልህ ቁጠር።